በለቅሶ የተሰጠ ቁልፍ

የለቅሶው ድንኳን ፈርሶ፥ ፍራሹና ወንበሩ ወደ ዕድሩ ቤት በጋሪ ከተጫነ በኋላ፥ ሶረቲ በነጠላ የጠቀለለችውን ሥዕለ ማርያም እንደ ሕፃን ታቅፋ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ሮቤን የማለዳ ጉም ሸፍኗት ነበርና የበሯን ነገር ያስተዋለችው ለመክፈት እጇን ስትዘረጋ ነው። ከበሩ ላይ የማታውቀው ጓጉንቸር ቁልፍ ተንጠልጥሏል። አዲስ ነው፤ የፋብሪካው ቅባት እንኳ ከላዩ አልለቀቀም።

አስቀድማ ያሰበችው መልካሙን ነበር። በለቀስተኛው ብዛት ዕቃዋ እንዳይጠፋባት አከራይዋ የተጠነቀቁላት መስሏት ወደ ዋናው ቤት ተሻገረች። አቶ ጉሉማ እናታቸውን ከቀበሩ ገና ሳምንት አልሞላቸውም። ጋቢያቸውን ተከናንበው በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል።

«ኦቦ ጉሉማ፥ እግዚአብሔር ያጽናዎት። እንዴት አደሩ?»

«ይመስገን።»

«ቁልፉን ልቀበልዎ ብዬ ነበር።»

«የምን ቁልፍ?»

«የቤቴን ነዋ።»

አቶ ጉሉማ ቀና ብለው አዩዋት። «ቤቱንማ ለቅቀሽልን የለም እንዴ፥ አዴ ሶረቲ! እኔ እንዲያውም በልቤ መርቄሻለሁ። ልጄ ሱቅ የሚከፍትበት አጥቶ መንከራተቱን አይተሽ በጭንቄ ቀን ደረስሽልኝ።»

«ማን ነው የለቀቀ?»

«አንቺ ነሻ! ቁልፉን ለባለቤቴ በገዛ እጅሽ ሰጠሽ። አልጋሽን አወጣሽ። ይባስ ብለሽ ሥዕልሽን ከግድግዳ አውርደሽ፥ ዕድርተኛው ሁሉ እያየ፥ ተሸክመሽ ወጣሽ። ሥዕሉን አውርዶ የወጣ ክርስቲያን ቤቱን ለቀቀ እንጂ ሌላ ምን ይባላል? የስፌት መኪናሽ ከጓሮ በላስቲክ ተሸፍኖልሻል፤ ጋሪ ጠርተሽ ውሰጂው።»

ሶረቲ ወደ ጓሮ ሄዳ ላስቲኩን ገለጠች። የስፌት መኪናዋ ጤዛ ጠጥቷል፤ ለቅዱስ ሚካኤል በዓል የጀመረችው ካባ ተጠቅልሎ ከእግሩ ሥር ተጥሏል። ካባውን አነሣች፥ አራገፈች፥ ከሥዕሉ ጋር አቅፋው ወጣች። በሩን ስታልፍ ዘወር ብላ፥ «ኦቦ ጉሉማ፥ አልለቀቅሁም። ይህን ዛሬ ነግሬዎታለሁ» አለች።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ሶረቲ ጎባ ተወልዳ ሮቤ የከተመች፥ ባሏን በሞት ያጣች፥ በልብሰ ተክህኖ ስፌት የምትተዳደር ሴት ናት። የአቶ ጉሉማን የመንገድ ዳር ክፍል በጽሑፍ ውል ተከራይታ፥ ከፊት እየሰፋች ከኋላ እየተኛች ትኖር ነበር፤ ውሉም ገና ከዓመት በላይ ቀሪ ጊዜ ነበረው። አቶ ጉሉማ ልጃቸው የሞባይል መሸጫ እንዲከፍትበት ክፍሉን ከፈለጉት ቆይተዋል። ልቀቂልኝ ባሏት ቁጥር፥ «ውሌ ሲያልቅ» ብላ ትመልስላቸዋለች። ከዚያ ደጅ ላይ ከተነቀለች ደንበኞቿ የት ያገኟታል? ቀሳውስቱም፥ የገጠር ዲያቆናትም፥ ከጎባ የሚመጡትም የሚያውቁት ያንን ደጅ ብቻ ነው። ክፍሉን ማጣት እንጀራን ማጣት ነበር።

የአቶ ጉሉማ እናት እማማ ሽቶ ያረፉ ዕለት ታዲያ ከሲናና የገጠር ዘመድ፥ ከጊኒርም አማቾቻቸው መጡ። የባሌ ቤተ ዘመድ በሃይማኖት ሁለት ቢሆን በኀዘን አንድ ነው። የአቶ ጉሉማ ታላቅ እኅት ዲንቄ ለጊኒሩ ነጋዴ ለሐጂ ዘይነዲን ከተዳሩ የልጅ ልጅ አይተዋል። የሐጂ ሰዎች የት ይደሩ ተብሎ ቤቱ ሲጨነቅ፥ ሶረቲ ማንም ሳይጠይቃት «የእኔ ቤት አለ» አለች። አልጋዋን አስወጥታ ምንጣፍ ዘረጋች። እንግዶቹ በዚያው እንደሚሰግዱ አሰበችና፥ ልባቸው እንዳይከፈል ብላ ሥዕሉን አወረደች። ቁልፉን ለቤቱ እመቤት ሰጥታ፥ ከጎረቤት ወለል ላይ ስትተኛ ሰነበተች። ለቀስተኛ ያላሳደረ ጎረቤት ጎረቤት አይባልም ብላ ያደገች ናትና፥ ይህ ሁሉ ሥራ ሆኖ አልታያትም ነበር። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል የሚባለው እንዲህ ላለው ቀን ነው።

የዕድሩ ዳኛ አቶ ገዳ ነገሩን ሲሰሙ ሁለቱን ለማስማማት ፈጠኑ። ሶረቲን አስጠርተው ከዕድሩ ቤት ወንበር ሰጧት።

«ልጄ፥ ሰውዬው ኀዘን ላይ ነው። የእናቱ አርባ ሳይወጣ ክስ የሚባል ነገር እንዳይሰማ። ሰፉ ነው! ነውር ነው!»

«ኀዘን ላይ መሆናቸው በሬን ከመቆለፍ አልከለከላቸውም፥ ኦቦ ገዳ።»

«እሱን ተይው። የጓሮዋን ክፍል ይስጥሽ ብለን ለምነነዋል። እሺ ብሏል።»

«ያቺ የበጎቹን ክፍል?»

«ትጠረጋለች።»

«ካህን ካባ ሊለካ በበጎች መካከል አልፎ ይምጣ?»

አቶ ገዳ ሳቃቸውን መያዝ አልቻሉም፤ ወዲያው ግን ኮስተር አሉ። «እልኸኛ ነሽ፥ ሶረቲ።»

«ቤቴ ተቆልፎብኝ እልኸኛ ካልሆንሁ መቼ ልሁን? ሽምግልናችሁን አልናቅሁም። በሩ ይከፈት፥ ዕቃዬ ይመለስ፤ ከዚያ አስታርቁን። በተቆለፈ በር ፊት የምትሸመግሉት ግን ለቆላፊው ነው።»

«ሕዝቡ ምን ይላል? ከለቅሶ ቤት ፍርድ ቤት ሄደች ይልሻል እኮ!»

«ይበል። ከለቅሶ ቤት ሜዳ ላይ ወደቀች ከሚለኝ ይሻላል።»

ይህን በአፏ ትበል እንጂ ልቧ አላረፈም። በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ የነፍስ አባቷን ቄስ መሳይን ከቤተ ክርስቲያኑ ዐጸድ ሥር አግኝታ፥ ኀዘንተኛን መክሰስ ኃጢአት እንደ ሆነ ጠየቀቻቸው። ቄስ መሳይ መቋሚያቸውን ተደግፈው አዳመጧት።

«ኀዘንተኛን ማጽናናት ታዘናል» አሉ፤ «ኀዘንተኛ ሲበድል ዝም በሉ የሚል ትእዛዝ ግን እኔ አላገኘሁም። ሂጂ። ብቻ ከዳኛ ፊት ስትቆሚ አንዲት ቃል እንዳትጨምሪ። እውነት ሲጨምሩበት ይጎድላል።»

ከዚያው ባጃጅ ይዛ ለድኻ በነፃ የሕግ ምክር ወደሚሰጥበት ቢሮ ሄደች። የተቀበለቻት ጠበቃ ሰቢሪና የምትባል፥ ሻሿን በጥንቃቄ ያሰረች ወጣት ናት። ነገሩን እስከ መጨረሻው ሳታቋርጥ ሰማቻት።

«መንገድዎ አንድ ብቻ አይደለም፥ አዴ ሶረቲ» አለች። «ፖሊስ ጋ ቢሄዱ፥ የአከራይና የተከራይ ጉዳይ ነው ብለው ወደ ፍርድ ቤት ይመልሱዎታል። በውሉ መክሰስ ይችላሉ፤ ውሉ ይከበርልኝ፥ የደረሰብኝም ኪሳራ ይከፈለኝ ማለት ነው። እሱ ጥሩ ነው፥ ግን ይረዝማል። ሁለተኛው ‘ሁከት ይወገድልኝ’ የሚባለው ክስ ነው።»

«ሁከትማ አልፈጠርንም፤ ድምፄን እንኳ አላሰማሁም።»

«የሕጉ ሁከት ጩኸት አይደለም። አንድ ሰው በእጁ አድርጎ የሚጠቀምበትን ሌላው በኃይል ወይም በተንኮል ሲነጥቀው ነው። ፍርድ ቤቱ ባለቤቱ ማን ነው ብሎ አይደክምም፤ ቤቱ የኦቦ ጉሉማ መሆኑን እኛም አንክድም። ክፍሉ በማን እጅ ነበር? ያንን ሰው ማን አስወጣው? ይህን ብቻ ይጠይቃል። ስለዚህ ይፈጥናል።»

«ቁልፉን ሰብሬ ብገባስ? ዕቃው የኔ፥ ውሉ የኔ።»

«ያን ጊዜ ተከሳሿ እርስዎ ይሆናሉ፤ እርሳቸውም በደስታ ይስቃሉ።»

«አርባው እስኪወጣ ብታገሥስ?»

ሰቢሪና ራሷን ነቀነቀች። «ሕጉ ጊዜ ይሰጥዎታል። የሰውዬው ልጅ ግን አይሰጥዎትም። ዕቃ ያስገባል፥ ደንበኛ ይለምዳል፤ ምናልባትም ለሌላ ያከራየዋል። ያኔ ከአንድ ሰው ጋር የነበረው ክርክር ከሁለት ጋር ይሆናል።» ብዕሯን አነሣች። «ዋናው ችግራችን እሱ አይደለም። ችግራችን ሥዕሉ ነው።»

«ሥዕሉ ምን አደረገ?»

«ይዘው ሲወጡ ዕድርተኛው ሁሉ አይቷል። ቢምልም እውነቱን ነው። ለምን እንዳወረዱት ግን ማን ያውቃል? በፈቃዷ ለቀቀች ከተባለ፥ የተነጠቀ ነገር የለም፤ ክሱም ይወድቃል።»

ሶረቲ፥ «ለአንድ ሰው ነግሬው ነበር» አለች። «ለሐጂ ዘይነዲን። ግድግዳው ላይ የሥዕሉን ነጭ ምልክት አይተው ጠየቁኝ።»

«የተከሳሹ እኅት ባል?»

«እርሳቸው።»

ሰቢሪና ብዕሯን አስቀመጠች። «መጥሪያ ማስላክ እንችላለን። መጥሪያ ግን ሰውን እንጂ ልቡን አያመጣም።»

«መጥሪያውን አዘጋጂ፥ ልጄ። እኔ ግን ቀድሜ እሄዳለሁ። ቤቴ ያደረ ሰው በወረቀት አይጠራም።»

የጊኒር ሚኒባስ የሲናናን የስንዴ ማሳ ሰንጥቆ ሲወርድ፥ ሶረቲ በመስኮቱ ማየቷን ትታ የምትናገረውን ታሰላስል ነበር። ሐጂ ዘይነዲንን ያገኘቻቸው ከከብት ገበያው አጠገብ ካለው ሱቃቸው፥ ከአሞሌ ክምርና ከገመድ ጥቅል መካከል ነው። ከሩቅ ለይተዋት ሣቁ።

«ኢንተለ ኮ! ልጄ! በሬ ልትገዢ መጣሽ? በሬ ስፌት አያውቅም!»

«በሬ አይደለም፥ ሐጂ። ቃል ልለምን ነው።»

አስገብተው ሻይ አስፈሉላት። ወይዘሮ ዲንቄም ጥቁር ልብሳቸውን እንደ ለበሱ ከጓዳ ወጥተው፥ አቅፈው ሳሟት፤ ለእናታቸው እንደገና አብረው አለቀሱ። ሶረቲ እንባዋን ጠርጋ፥ ሳታጋንን፥ ሳታጣጥል፥ የሆነውን ነገረቻቸው። ነግራ ስትጨርስ የወይዘሮ ዲንቄ ፊት ተለውጧል።

«ወንድሜን? በእኔ ባል ምላስ? የእናቴ አፈር ሳይደርቅ?»

«ወይዘሮ ዲንቄ፥ ወንድምዎን ክፉ በሉልኝ አላልሁም።»

«ታዲያ ምን ልትዪ መጣሽ? ለአንድ ክፍል ብለሽ ቤተሰብ ልታፈርሺ?»

«ያ አንድ ክፍል ለእኔ ቤተሰቤ ነው፥ እንጀራዬም ነው። ሌላ የለኝም።» ወደ ሐጂ ዞረች። «ሐጂ፥ መጥሪያ ይመጣልዎታል። ቤቴ ያደሩ እንግዳዬ ነዎትና ወረቀቱ ሳይቀድመኝ ልነግርዎ ብዬ መጣሁ። ያዩትን ብቻ ይናገሩ። የማይናገሩም ከሆነ አልቀየምዎትም። ብቻዬንም ቢሆን እቆማለሁ።»

ሐጂ ዘይነዲን መቁጠሪያቸውን ያንከባልላሉ።

«ሻይሽን ጠጪ» አሏት። ስትነሣ ግን እስከ መኪናው ሸኟት፤ በመስኮቱም፥ «በሰላም ግቢ። አላህ ያውቃል» ብለው ተመለሱ።

ሶረቲ ከዚህ ቃል ተስፋም ቁርጥም ልታወጣ ሞከረች፤ አንዱንም አላገኘችም። ሮቤ ስትደርስ ክሱን ፈርማ አስገባች።

ወሬው ከተማውን ዞረ። ገበያ ስትወጣ ሴቶች ሰላምታቸውን ያሳጥሩባት ጀመር። አንዱ የጋሪ ነጂ፥ «አዴ፥ ለእኔ ፈረስም አልጋዬን ላውጣለት እንዴ? በኋላ ጋሪዬን ይወርስብኛል!» ብሎ ቀለደባት፤ ሶረቲም፥ «ፈረስህ ከሰው ይሻላል፥ አታውጣ» አለችው። ማታ ማታ በጎረቤቷ ወለል ላይ ካባውን በእጅ መስፋት ያዘች። የበዓሉ ቀን አይጠብቃትምና።

የችሎቱ ቀን የፍርድ ቤቱ አዳራሽ እስከ በሩ ሞላ። አቶ ጉሉማ ከቤተ ዘመዳቸው ጋር በቀኝ በኩል ተቀምጠዋል፤ ሐጂ ዘይነዲንም ነጭ ጥምጣማቸውን አድርገው ከመካከላቸው ናቸው። ሶረቲ ይህን ስታይ ከመግቢያው ላይ ቆመች። ሰቢሪና ጆሮዋ አጠገብ፥ «የተቀመጡበትን አይዩ» አለቻት።

ክርክሩ በኦሮምኛ ተካሄደ። ዳኛዋ ለሁለቱም ወገን ጊዜ ሰጡ። አቶ ጉሉማ፥ «ክቡር ፍርድ ቤት፥ እኔ ማንንም አላስወጣሁም። በፈቃዷ ወጣች፤ እኔ የራሴን ባዶ ቤት ቆለፍሁ» አሉ። ቀጥሎ አቶ ገዳ ቆመው ማሉ፤ ቁልፉ ሲሰጥ፥ አልጋው ሲወጣ፥ ሥዕሉ ሲወርድ ማየታቸውን መሰከሩ።

«ለምን እንዳወረደችው ያውቃሉ?» አለች ሰቢሪና።

አቶ ገዳ አመነቱ። «አልጠየቅሁም። ያን ጊዜ ሁላችንም የምናስበው ስለ ሬሳው ነበር።»

ከዚያ ሐጂ ዘይነዲን ተጠሩ። ከቤተ ዘመዱ መካከል ሲነሡ ወይዘሮ ዲንቄ የባላቸውን የጋቢ ጫፍ ያዙ፤ ሐጂ እጃቸውን በቀስታ አላቅቀው ሄዱ። ቁርኣን ይዘው ማሉ።

«የሚያውቁትን ይናገሩ» አሉ ዳኛዋ።

«በመጀመሪያው ምሽት ለመግሪብ ሶላት ታጥቤ፥ ውዱእ አድርጌ መጣሁ። በሰው ቤት ያለ ፈቃድ አልሰግድም፤ ልማዴ አይደለም። እዚያው ደጅ ላይ የሚስቴን ወንድም ጉሉማን፥ ‘በዚህ ክፍል ልስገድ ወይ?’ ብዬ ጠየቅሁት። ‘እኔን ምን ትጠይቀኛለህ፥ ቤቱ የእሷ ነው፤ እሷን ጠይቃት’ አለኝ።»

አዳራሹ ተንሾካሾከ። ይህን ሶረቲ እንኳ ሰምታው አታውቅም።

«ጠየቅኋት። ዞሬ የምሰግድበትን የቂብላ አቅጣጫ በእጇ አሳየችኝ። ግድግዳው ላይ የሥዕሉን ምልክት አይቼ፥ ‘ለምን አወረድሽው?’ አልኋት። ‘እናንተ እንድትሰግዱ ነው፤ ስትሄዱ እመልሰዋለሁ’ አለችኝ። የማውቀው ይህን ነው።»

አቶ ጉሉማ ተፈቅዶላቸው ተነሡ። «ሐጂ፥ ያን ቀን እናቴ ሬሳዋ ቤት ነው። ምን እንዳልሁ እኔ አውቃለሁ? አንተስ በዚያ ቃል እኔን ልታዋርድ ይገባሃል? ወገንህ ማን ነው?»

ሐጂ ወደ እርሳቸው ዞሩ። «ጉሉማ፥ አንተ ወገኔ ነህ፤ ነገም ወገኔ ነህ። ይህች ሴት ግን ሥዕሏን ያወረደችው ለእኔ ሶላት ነው። በዚያ ምክንያት ቤቷን ካጣች፥ በሩን የቆለፈው የእኔ ስግደት ነው ማለት ነው። ያንን ተሸክሜ ከአላህ ፊት እንዴት ልቁም? አንተን ባሳዝንህ ይቅርታ እጠይቅሃለሁ። እርሱን ግን በምን እጠይቀዋለሁ?»

አቶ ጉሉማ ቁጭ አሉ።

ፍርዱ በቀጠሮው ተነበበ። ሶረቲ ክፍሉን በውል በእጇ አድርጋ ትጠቀምበት እንደ ነበር፥ ለለቀስተኞች በእንግድነት መስጠቷም መልቀቅ አለመሆኑን ዳኛዋ ተናገሩ፤ ሁከቱ እንዲወገድ፥ በሩም እንዲከፈትላት አዘዙ። ሰቢሪና በአዳራሹ ደጅ፥ «ለተበላሸው የስፌት መኪናና ለቆመው ሥራ ደግሞ ኪሳራ መጠየቅ ይችላሉ፤ መብትዎ ነው» አለቻት።

«አስቤበት እነግርሻለሁ፥ ልጄ። አስቀድሞ ቤቴ ልግባ።»

የፍርድ አፈጻጸም ሠራተኛው ጓጉንቸሩን ሲያስከፍት ደጁ ላይ ዕድርተኛው ተሰብስቧል። ሶረቲ ሥዕሉንና ካባውን ታቅፋ ከጎረቤቷ ጋር ቆማለች። በሩ ተከፈተ። የሶረቲ ምንጣፍ ተነሥቷል፤ በሦስቱም ግድግዳ ላይ አዲስ የእንጨት መደርደሪያ ተመትቷል።

«ይነቀልልዎት?» አለ ሠራተኛው።

«የእርሳቸው ንብረት ነው። እኔ አልነካውም፥ አልሰብረውምም። ራሳቸው ይንቀሉት።»

አቶ ጉሉማ መዶሻና ጉጠት ይዘው መጡ። ልጃቸው ከአዲስ አበባ ዕቃ ሊያመጣ ሄዷል፤ የሚያግዛቸው ሰው አልነበረም። በርጩማ አስጠግተው ወጡበት። በርጩማው አንድ እግሩ አጭር ነበርና ተወዛወዘ።

«ውል ያልቃል፥ ታውቂያለሽ» አሉ ሳያዩአት፥ ጉጠቱን ከሚስማሩ እያያያዙ።

«አውቃለሁ። ሲያልቅ በወጉ ያስታውቁኝ፤ በእግሬ እወጣለሁ።»

«እስከዚያስ? በአንድ ግቢ ፊትና ጀርባ ሆነን?»

«እስከዚያማ ተከራይዎ ነኝ። የእማማ ሽቶ አርባ ሲደርስም እንደ ጎረቤት ከእንጨት ፈላጮቹ፥ ከውኃ ቀጂዎቹ እቆማለሁ። ቁልፌ ግን ከእጄ አይወጣም።»

አቶ ጉሉማ ጉጠቱን ሲስቡ በርጩማው እንደገና ተንገዳገደ። ሶረቲ ሥዕሉንና ካባውን ለጎረቤቷ አቀበለችና ጎንበስ ብላ የበርጩማውን እግር በሁለት እጇ ያዘችላቸው። ሳንቃው ተላቅቆ ወረደ። ከላይ ትቢያው ነጠላዋ ላይ ረገፈ።

«ያዝሽው?» አሉ።

«ይዤዋለሁ። በግራዎ በኩል አንድ ሚስማር ቀርቷል።»